የሳይንሳዊ ልብ ወለድ መጽሔቶች ከመደርደሪያ ለምን ጠፉ?

የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

በ2025 መጀመሪያ ላይ «አናሎግ»፣ «አሲሞቭስ» እና «ዘ ማጋዚን ኦፍ ፋንታሲ ኤንድ ሳይንስ ፊክሽን» የተባሉት ሦስት አንጋፋ የአሜሪካ መጽሔቶች፣ ከሁለት የወንጀል ልብ ወለድ መጽሔቶች ጋር፣ ለአንድ አዲስ ኩባንያ መሸጣቸውን ባለፈው እትም በአጭሩ ጠቅሰን ነበር። ከዚያ ወዲህ የደረሱን ደብዳቤዎች ከጠበቅነው በላይ በመሆናቸው የዛሬውን ዓምድ በሙሉ ለዚሁ ጉዳይ ሰጥተነዋል። ረጃጅሞቹን ደብዳቤዎች አሳጥረናል፤ ተመሳሳይ ጥያቄዎችንም በአንድ አጠቃለናል። የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ጥያቄ፦ በ1980ዎቹ መጨረሻ ወደ አሜሪካ ስመጣ እንግሊዝኛዬን ያሻሻልኩት እነዚህን ትንንሽ መጽሔቶች በማንበብ ነው። ከሥራ ቦታዬ አጠገብ ከነበረ መድኃኒት ቤት በየወሩ እገዛቸው ነበር። ዛሬ በዚያው አካባቢ ያሉትን መድኃኒት ቤቶች፣ ሱፐርማርኬቶችና የመጻሕፍት መደብሮች ባስስ አንድም አላገኝም። ልጆቼ ግን የሚያዩት ፊልምም ሆነ የሚጫወቱት ጌም ስለ ጠፈርና ስለ ድራጎን ነው። ሰው ይህን ያህል የሚወደው ነገር ሆኖ ሳለ መጽሔቱ እንዴት ይጠፋል? — ከሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ

መልስ፦ የጉዳዩ ውል ያለው በጥያቄዎ መጨረሻ ላይ ነው። ብዙ ጊዜ የሚሰጠው ምክንያት «ሰው ማንበብ ተወ» የሚል ነው፤ ይህ ግን መጽሔቶቹ በየትኛው ጊዜና በምን ፍጥነት እንደ ወደቁ አያስረዳም። የዚህ ዓምድ አዘጋጅ እምነት፣ መጽሔቶቹ ደጋግመው የተመቱት አንባቢ ስለ ጠላቸው ሳይሆን ወደ አንባቢ የሚያደርሳቸው መንገድ በሌላ ሰው እጅ ስለ ነበረና ያ ሰው መንገዱን በዘጋ ቁጥር ሌላ መውጫ ስላጡ ነው የሚል ነው።

እርስዎ ከመድኃኒት ቤቱ መደርደሪያ ያነሱት መጽሔት እዚያ እስኪደርስ በብዙ እጅ አልፏል። አሳታሚው ለአገር አቀፍ አከፋፋይ ያስረክባል፤ አከፋፋዩ በየከተማው ላሉ የጅምላ ነጋዴዎች ያደላድላል፤ የጅምላ ነጋዴው ሾፌር ደግሞ በየሱቁ እየዞረ መደርደሪያውን ይሞላል፣ ያልተሸጠውንም ያነሳል። ያልተሸጠው ኮፒ እንዳለ ለአሳታሚው አይመለስም፤ ለሒሳብ ማወራረጃ የሚላከው የተቀደደው ሽፋን ብቻ ሲሆን የቀረው ይወገዳል፣ ኪሳራውንም የሚሸከመው አሳታሚው ነው። ከታተመው ከግማሽ በላይ የሚሆነው ሳይሸጥ መቅረቱ የተለመደ ስለ ነበር፣ አንድ ኮፒ ለመሸጥ ሁለትና ከዚያ በላይ ማተም ግድ ነበር። አሠራሩ አባካኝ መሆኑ አይካድም። ሆኖም እርስዎን የመሰለ፣ እንዲህ ያለ መጽሔት መኖሩን እንኳ የማያውቅ እንግዳ፣ ለራስ ምታት መድኃኒት ሊገዛ ገብቶ ዓይኑ ሽፋኑ ላይ እንዲያርፍ ያደረገው ይኸው ብክነት ነው።

የመጀመሪያው ከባድ ምት በ1957 መጣ። የአገሪቱ ትልቁ አከፋፋይ የነበረው «አሜሪካን ኒውስ ካምፓኒ» የጅምላ ማከፋፈል ሥራውን በዚያ ዓመት አጋማሽ ላይ አቆመ። በእርሱ በኩል ይሸጡ የነበሩ መጽሔቶች በአንድ ጊዜ በሌሎች አከፋፋዮች ደጅ ተሰለፉ፤ አከፋፋዮቹም አዋጩን እየመረጡ ትንንሾቹን መለሷቸው። በ1953 በአሜሪካ ከ30 በላይ የዘርፉ መጽሔቶች ይወጡ ነበር፤ በ1960 ገደማ የቀሩት ስድስት ያህል ናቸው። በእርግጥ የ1953ቱ ቁጥር ራሱ ገበያው ሊሸከመው ከሚችለው በላይ ስለ ነበር ብዙዎቹ ከ1957 በፊት ነው የወደቁት፤ የተረፉትን ግን ያሳሳቸው የአከፋፋዩ መዘጋት ነው።

እርስዎ መጽሔቱን ይገዙ በነበረባቸው ዓመታት ሁለተኛው ምት እየተቃረበ ነበር። እስከ 1990ዎቹ አጋማሽ ድረስ በአሜሪካ በመቶዎች የሚቆጠሩ አካባቢያዊ የጅምላ ነጋዴዎች ነበሩ። ከ1995 ጀምሮ ትልልቆቹ የሱፐርማርኬት ድርጅቶች በየከተማው ካለው ነጋዴ ጋር መዋዋሉን ትተው ለሰፊ ክልል አንድ ወይም ሁለት አቅራቢ ብቻ መያዝ ጀመሩ። ነጋዴዎቹ ውሉን ለማግኘት እርስ በርስ ዋጋ ሲሰባበሩ ሰነበቱና አንዱ ሌላውን እየዋጠ በጥቂት ዓመታት ውስጥ በጣት የሚቆጠሩት ብቻ ቀሩ። እነዚያም ቢሆኑ አልበረከቱም፤ «አንደርሰን ኒውስ» በ2009፣ «ሶርስ ኢንተርሊንክ» በ2014 የማከፋፈል ሥራቸውን አቆሙ። በመካከሉ፣ በ2011፣ «ቦርደርስ» የተባለው ግዙፍ የመጻሕፍት መደብር ከስሮ ሲዘጋ ሰፋ ያለ የመጽሔት መደርደሪያ የነበራቸው በመቶዎች የሚቆጠሩ ሱቆች አብረው ጠፉ።

ከነጋዴዎቹ ጋር የጠፋ አንድ እውቀት አለ። የድሮው ሾፌር በዩኒቨርሲቲው አጠገብ ያለው ሱቅ በወር አሥር «አናሎግ» እንደሚሸጥ፣ ከሁለት መንገድ ወዲያ ያለው ግን አንድም እንደማይሸጥ ያውቅ ነበር። የክልሉን ሱቆች ሁሉ በአንድ ዝርዝር የሚመራው አዲሱ አቅራቢ ግን መደርደሪያውን የሚሰጠው በብዛት ለሚሸጡት የምግብ፣ የፋሽንና የታዋቂ ሰዎች መጽሔቶች ነው። በዚህ ላይ የእኛዎቹ መጽሔቶች መጠናቸው የኪስ መጽሐፍ የሚያህል ስለሆነ፣ መደርደሪያ ላይ ቢወጡ እንኳ ከትልልቆቹ ጀርባ ይደበቃሉ።

«ታዲያ በደንበኝነት አይሸጡም ወይ?» የሚሉ አንባቢያን አሉ። ይሸጣሉ፤ ለዚህም ነው እስካሁን የቆዩት። ነገር ግን በ1980ዎቹ ከደንበኞቻቸው ብዙዎቹን ያመጡላቸው ዕጣ እያወጡ በፖስታ መጽሔት የሚሸጡ ወኪል ድርጅቶች ነበሩ። ወኪሎቹ ዋጋውን እጅግ ቀንሰው እየሸጡ ከገቢው አብዛኛውን ለራሳቸው ያስቀሩ ስለ ነበር ለአሳታሚው የሚደርሰው ጥቂት ነበር፤ ኋላም ወኪሎቹ ፊታቸውን ወደ ትልልቆቹ መጽሔቶች ሲያዞሩ እነዚያ ደንበኞች አብረው ሄዱ። «አናሎግ» በ1980ዎቹ መጀመሪያ ከ100,000 ኮፒ በላይ ይሸጥ ነበር፤ ዛሬ የወረቀት ሽያጩ የዚያን አንድ አምስተኛ እንኳ አይሞላም። «አናሎግ» እና «አሲሞቭስ» ከ2017 መጀመሪያ ጀምሮ በየወሩ መውጣታቸውን ትተው በየሁለት ወሩ ወፍራም እትም ማውጣት ያዙ። «ፋንታሲ ኤንድ ሳይንስ ፊክሽን» ከ2009 ጀምሮ በየሁለት ወሩ ሲወጣ ቆይቶ በ2024 በሩብ ዓመት አንዴ ወደ መውጣት ወርዷል። የወረቀትና የፖስታ ዋጋ በየጊዜው መናሩ ለዚህ ሁሉ ድርሻ አለው።

ለንጽጽር «ኦምኒ»ን መጥቀስ ይገባል። በ1978 የተመሠረተው ይህ መጽሔት በአንጸባራቂ ወረቀት የታተመ፣ በማስታወቂያ የሞላ፣ ለአጭር ልብ ወለድ ከሌሎቹ ሁሉ እጅግ የተሻለ የሚከፍልና በመቶ ሺዎች ኮፒ የሚሸጥ ነበር። የወረቀት እትሙ በ1995 ቆመ። ማስታወቂያ ያልነበራቸውና በአንባቢው ሳንቲም ብቻ የኖሩት ትንንሾቹ ግን ከእርሱ በኋላ 30 ዓመት ቆይተዋል። ድህነታቸው ረድቷቸዋል ለማለት ይከብዳል፤ ይሁን እንጂ አስተዋዋቂ ሲሸሽ የሚያጡት ነገር አልነበራቸውም።

ጥያቄ፦ የሥነ ጽሑፍ መምህር ነኝ። ተማሪዎቼ ሳይንሳዊ ልብ ወለድ ከፊልም የመጣ ይመስላቸዋል። መጽሔቶቹ ለዘርፉ ምን አደረጉለት? መጽሐፍና ቴሌቪዥንስ አልገደሏቸውም? — ከአዲስ አበባ

መልስ፦ ተማሪዎችዎን ስለ ኤፕሪል 1926 ይንገሯቸው። ሉክሰምበርግ ተወልዶ ወደ አሜሪካ የተሰደደውና በሬዲዮ ዕቃ ንግድ የሚታወቀው ሁጎ ገርንስባክ፣ ለሳይንሳዊ ልብ ወለድ ብቻ የተዘጋጀ የመጀመሪያውን የእንግሊዝኛ መጽሔት «አሜዚንግ ስቶሪስ»ን ኒው ዮርክ ውስጥ በ25 ሳንቲም ያወጣው በዚያ ወር ነው። ምናባዊና አስፈሪ ታሪኮችን የሚያትመው «ዊርድ ቴልስ» ደግሞ በ1923 ቺካጎ ውስጥ ቀድሞ ተጀምሯል። ገርንስባክ መጀመሪያ ገጾቹን የሞላው የጁል ቨርንን፣ የኤች ጂ ዌልስንና የኤድጋር አለን ፖን የቆዩ ሥራዎች እንደገና በማተም ነበር። በ1929 ድርጅቱ ከስሮ መጽሔቱ ከእጁ ወጣ፤ ቢሆንም ከ1953 ጀምሮ የሚሰጠው የዘርፉ ታዋቂ ሽልማት በእርሱ ስም «ሁጎ» ይባላል።

ገርንስባክ ያደረገው ትልቁ ነገር ምናልባት ያላሰበው ነው። የአንባቢያንን ደብዳቤ ሲያትም የጸሐፊውን ሙሉ አድራሻ አብሮ ያወጣ ነበር። በተለያየ ከተማ የነበሩ ወጣቶች በዚህ አድራሻ እርስ በርስ መጻጻፍ ጀመሩ፤ ማኅበር አቋቋሙ፤ የየራሳቸውን ትንንሽ መጽሔት አባዙ፤ በ1939ም ኒው ዮርክ ላይ የመጀመሪያውን የዓለም ሳይንሳዊ ልብ ወለድ ጉባኤ አካሄዱ። ኋላ ስመ ጥር የሆኑ ብዙ ደራሲያንና አዘጋጆች የወጡት ከእነዚህ ደብዳቤ ጸሐፊዎች መካከል ነው። (ለአንባቢያን ደብዳቤ ዓምድ የሚሰጥ አዘጋጅ ይህን ሲጽፍ ትንሽ ቢኮራ ይቅር እንደሚባል ተስፋ እናደርጋለን።)

ቀጥሎ የሚነሳው ጆን ካምቤል ነው። በ1930 የተመሠረተውንና በ1960 ስሙ ወደ «አናሎግ» የተለወጠውን «አስታውንዲንግ»ን ከ1937 መጨረሻ እስከ ሞተበት እስከ 1971 መርቷል። ደራሲዎቹ ሳይንሱን በቁም ነገር እንዲይዙት ያስገድድ ነበር፤ በመጨረሻዎቹ ዓመታት ለሐሰተኛ ሳይንስና ለዘረኛ አስተሳሰብ ገጽ መስጠቱም ሊዘለል አይገባም። በማርች 1944 መጽሔቱ የዩራኒየም ቦምብ አሠራርን የሚገልጽ አጭር ልብ ወለድ አወጣ። እውነተኛው ቦምብ በምስጢር እየተሠራ ስለ ነበር የጦሩ ደኅንነት ሰዎች ምስጢር ወጥቷል ብለው ሠጉና ወደ ካምቤል ቢሮ መጡ። ታሪኩ የተመሠረተው ግን ከጦርነቱ በፊት በታተሙ፣ ማንም ሊያነባቸው በሚችላቸው የሳይንስ ጽሑፎች ላይ ነበር።

ወደ መጽሐፉ ስንመለስ፣ እዚህ ላይ እውነትዎን ነው፤ ነገሩ ግን ከ«ገደላቸው» ትንሽ ይለያል። እስከ 1940ዎቹ መጨረሻ ድረስ ትልልቅ አሳታሚዎች ሳይንሳዊ ልብ ወለድን በመጽሐፍ አያወጡትም ነበር ማለት ይቻላል፤ ረጅም ልብ ወለድ የሚነበበው በመጽሔት በተከታታይ ሲወጣ ነው። «ፖኬት ቡክስ» በ1939 በ25 ሳንቲም ባለ ስስ ሽፋን መጽሐፍ መሸጥ ሲጀምርና በ1952 «ባለንታይን» በዚሁ ዘርፍ ሲሰማራ፣ መጽሐፉ ከመጽሔቱ ጋር በአንድ መደርደሪያ፣ በተቀራራቢ ዋጋ ቆመ። መጽሔት ወሩ ሲያልቅ ይነሳል፤ መጽሐፍ ግን ይቆያል፣ ደግሞም ይታተማል።

የፍራንክ ኸርበርት «ዱን» ሽግግሩን ያሳያል። ከ1963 መጨረሻ እስከ 1965 በሁለት ክፍል በ«አናሎግ» በተከታታይ ወጣ። በመጽሐፍ ለማሳተም ሲሞከር ግን ከብዙ አሳታሚዎች ተመለሰ፤ በ1965 የተቀበለው በመኪና ጥገና መመሪያዎቹ የሚታወቀው «ቺልተን» ነው። መጽሔቱ ያመነበትን ሥራ የመጽሐፍ ዓለም ገና አላመነበትም ነበር። ከዚያ ወዲህ ባሉት 20 ዓመታት የመጽሐፍ አሳታሚዎች ሳይንሳዊና ምናባዊ ልብ ወለድ እንደሚሸጥ ሲረዱ፣ ለአንድ ረጅም ልብ ወለድ የሚሰጡት ቅድመ ክፍያ ደራሲው በመጽሔት ለዓመታት ከሚያገኘው በለጠ። በ1930ዎቹ መጨረሻ «አስታውንዲንግ» በቃል 1 ሳንቲም ይከፍል ነበር፤ በዛሬ ዋጋ ከ20 ሳንቲም በላይ መሆኑ ነው። ዛሬ ጥሩ ከፋይ የሚባሉት ከ8 እስከ 10 ሳንቲም ይከፍላሉ። በአጭር ልብ ወለድ ብቻ መኖር በዚያ ዘመን ከባድ ነበር፤ ዛሬ የሚሞክረውም የለም። ዘርፉ መጽሔቶቹን መሰላል አድርጎ ወጣ፤ ላይ የደረሱት ደራሲያን አብዛኞቹ ወደ መሰላሉ አልተመለሱም።

ቴሌቪዥንን በተመለከተ፣ በ1950ዎቹ በርካሽ ወረቀት የሚታተሙትን የጀብዱ፣ የካውቦይና የፍቅር ታሪክ መጽሔቶች ጠራርጎ ያስወጣቸው ከኪስ መጽሐፍና ከሥዕላዊ መጽሔት ጋር ተባብሮ ነው። ከዚያ ጎርፍ በተሻለ ቁጥር የተረፉት የሳይንሳዊ ልብ ወለድና የወንጀል ታሪክ መጽሔቶች ናቸው፤ ስለዚህ ዋናውን ጥፋት በቴሌቪዥን ማላከክ አያስኬድም።

ጥያቄ፦ ይህ ሁሉ ሐዘን ለወረቀት ከሆነ አይገባኝም። ታሪኮቹ ዛሬ በኢንተርኔት በነጻ ይነበባሉ፣ በስልክ ይደመጣሉ። ምን የጎደለ ነገር አለ? — ከፍራንክፈርት

መልስ፦ ሐዘናችን ለወረቀት አይደለም፤ በአብዛኛው ከእርስዎ ጋር እንስማማለን። «ስትሬንጅ ሆራይዘንስ» በ2000፣ «ክላርክስወርልድ» በ2006፣ «ላይትስፒድ» በ2010፣ «አንካኒ» በ2014 በኢንተርኔት ተጀምረዋል፤ ከቅርብ ዓመታት ወዲህ ለአጭር ልብ ወለድ ሽልማት የሚታጩት ሥራዎች በብዛት የሚመጡት ከእነዚህና ከመሰሎቻቸው ነው። ከአሜሪካና ከእንግሊዝ ውጭ ለሚኖር ደራሲም በራቸው ከቀድሞዎቹ ይልቅ የሰፋ ነው። የእንግሊዙ «ኢንተርዞን» እንኳ ከ1982 ጀምሮ በወረቀት ሲወጣ ኖሮ በ2023 ሙሉ በሙሉ ወደ ዲጂታል ተዛውሯል።

ጥርጣሬያችን ያለው መንገዱ ላይ ነው። ከእነዚህ መጽሔቶች ብዙዎቹ ታሪኩን በነጻ እያስነበቡ ወጪያቸውን የሚሸፍኑት ፈቅደው በሚከፍሉ ጥቂት ደንበኞች ነው፤ ከነዚያ ደንበኞች ብዙዎቹ የሚከፍሉት ደግሞ በአማዞን «ኪንድል» የመጽሔት አገልግሎት በኩል ነበር። አማዞን ይህን አገልግሎት በ2023 ዘጋ። በምትኩ ያቀረበው አማራጭ መጽሔቶቹን ለብዙ ዓይነት ንባብ በአንድ ዋጋ በሚከፈልበት ሌላ አገልግሎት ውስጥ ማስገባት ነበር። የቀድሞ ደንበኞቻቸው የኢሜይል አድራሻ በአማዞን እጅ እንጂ በእነርሱ እጅ ስላልነበረ በቀጥታ ጽፈው «ወደ እኛ ኑ» ማለት እንኳ አልቻሉም። ከ1957ቱ ጋር ያለው መመሳሰል አስገራሚ ነው፤ ልዩነቱ በ1957 ሌላ አከፋፋይ መለመን ይቻል ነበር።

ሁለተኛው ችግር ከወዲያኛው ወገን የመጣ ነው። በፌብሩዋሪ 2023 «ክላርክስወርልድ» በአንድ ወር ውስጥ በሰው ሠራሽ አስተውሎት (AI) የተጻፉ ከ500 በላይ ታሪኮች ስለ ደረሱት ለተወሰነ ጊዜ ጽሑፍ መቀበል አቆመ። የመጽሔቱ አዘጋጅ ኒል ክላርክ ጉዳዩን ይፋ ሲያደርግ፣ የሚልኩት ሰዎች በአብዛኛው ጸሐፊዎች ሳይሆኑ በቀላሉ ገንዘብ ይገኛል የሚል ምክር የሰሙ መሆናቸውን አስረድቷል። እንዲህ ያለ መጽሔት ጥቅሙ ስሙ ያልታወቀ ጀማሪ የላከውን ሰው ቁጭ ብሎ የሚያነብለት መሆኑ ነው። የንባቡ ክምር በጨመረ ቁጥር የሚጎዳው ያው ጀማሪ ነው።

ከወረቀቱ ጋር በእርግጥ የሄደ ነገር ካለ በአጋጣሚ ማንበብ ነው። የሚታወቀውን ደራሲ ፈልጎ መጽሔቱን የገዛ ሰው፣ አስቀድሞ ከፍሎበታልና፣ ቀጥሎ ያለውን የማይታወቀውንም ያነበዋል። ዛሬ ግን አንዱ ታሪክ ብቻ ተነጥሎ በመልእክት ይላክለታል፤ እርሱን አንብቦ ይወጣል። በአንድ እትም ውስጥ የታሪኮቹ ቅደም ተከተል ራሱ የአዘጋጅ ሥራ እንደ ነበር ብዙ አንባቢ አያስተውልም።

ጥያቄ፦ ይህ የአሜሪካ ችግር ነው ወይስ የዓለም? — ከቴል አቪቭ

መልስ፦ በየአገሩ መልኩ ይለያያል። ጃፓን ውስጥ «ሃያካዋ» የተባለው አሳታሚ ከ1959 መጨረሻ ጀምሮ የሚያወጣው ወርሃዊ መጽሔት ከ2015 ወዲህ በየሁለት ወሩ ሆኗል። የተለየው ታሪክ የቻይናው ነው። በ1979 በቼንግዱ ከተማ የተጀመረው መጽሔት በ1991 «ሳይንስ ፊክሽን ወርልድ» የሚለውን ስም ያዘ። በ1999 የቻይና የዩኒቨርሲቲ መግቢያ ፈተና ተማሪዎችን «የማስታወስ ችሎታን ከሰው ወደ ሰው መትከል ቢቻል» በሚል ርእስ ድርሰት አስጻፈ፤ መጽሔቱ በዚያው ሰሞን ተመሳሳይ ጉዳይ አንስቶ ነበር። ወላጆች ለልጆቻቸው መግዛት ጀመሩና ሽያጩ በ2000 ገደማ ወደ 400,000 ኮፒ ደረሰ፤ በዓለም ላይ ከዚህ የበለጠ የሚሸጥ የዘርፉ መጽሔት አልነበረም። በ2006 በዓለም ዙሪያ የታወቀውን የሊዩ ሲሺንን «ሦስት አካል» ልብ ወለድ በተከታታይ ያወጣው ይኸው መጽሔት ነው። ከዚያ ወዲህ እርሱም ቀንሷል፤ ነገር ግን አልተዘጋም። የዓለም ጉባኤውም በ2023 ቼንግዱ ላይ ተካሂዷል።

ጥያቄ፦ የድሮዎቹን እትሞች የት ማንበብ እችላለሁ? — ከዱባይ

መልስ፦ በ«ኢንተርኔት አርካይቭ» ላይ። ከ1950 እስከ 1980 የወጣው የ«ጋላክሲ» እትሞች ክምችት በነጻ ይገኛል፤ ከእርሱ መጀመር ይበጃል።

ጥያቄ፦ ሳይንሳዊ ልብ ወለድ በአማርኛና በእንግሊዝኛ እጽፋለሁ። የተረፉት መጽሔቶች ከኢትዮጵያ የሚላክ ሥራ ይቀበላሉ? ከጓደኞቼ ጋር በአማርኛ እንዲህ ያለ መጽሔት በወረቀት ለመጀመርም አስበናል፤ ምን ትመክሩናላችሁ? — ከሐዋሳ

መልስ፦ ከሁለተኛው እንጀምር። ከላይ የተነገረው ሁሉ ለእናንተ ትርጉም ካለው፣ ከኅትመቱ በፊት ስለ ማድረሻው እንድታስቡ ነው። የኅትመት ዋጋ በአገራችን ምን ያህል እንደናረና ስንት ጋዜጣና መጽሔት እንዳስቆመ እናንተም ታውቃላችሁ። በዚህ ላይ አንድ ኮፒ ከአዟሪ ተከራይቶ አንብቦ የሚመልሰው አንባቢ ብዙ ነው፤ መጽሔቱ በእርግጥ ይነበባል፣ ገንዘቡ ግን ወደ አሳታሚው አይደርስም። ስለዚህ የደንበኞቻችሁን ስምና ስልክ ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ በራሳችሁ እጅ መዝግቡ፤ በሌላ ድርጅት ገጽ ላይ ብቻ አትተማመኑ። የአማርኛ አንባቢ «ከመጻሕፍት ዓለም»ን በሬዲዮ እየሰማ ያደገ፣ ትረካ የለመደ ነውና ታሪኮቹን በድምፅ አቅርቦ ደንበኛ ማሰባሰቡ፣ ከዚያም በዓመት አንድ ወይም ሁለት ጊዜ ምርጦቹን በወረቀት ማውጣቱ በየወሩ ከማተም ይልቅ የሚያዛልቅ ይመስለናል።

ስለ መላኩ፦ አዎ፣ ይቀበላሉ። «አናሎግ»፣ «አሲሞቭስ»፣ «ክላርክስወርልድ» እና ሌሎቹ የደራሲውን አገር ሳይለዩ በኢንተርኔት ያነባሉ። በ2014 ናይጄሪያውያን የመሠረቱት «ኦሜናና» የአፍሪካ ደራሲያንን ሥራ ለይቶ ያትማል። በአማርኛ ጽፈው ወደ እንግሊዝኛ የተረጎሙት ወይም ያስተረጎሙት ሥራ ካለዎት የ«ስትሬንጅ ሆራይዘንስ» እህት መጽሔት የሆነው «ሳሞቫር» ለትርጉም ሥራዎች የተቋቋመ ነው።

ከመላክዎ በፊት የመጽሔቱን የአቀራረብ መመሪያ ቃል በቃል ያንብቡ፤ አንድን ሥራ ለሁለት መጽሔት በአንድ ጊዜ መላክን ብዙዎቹ አይፈቅዱም። ሥራዎን ለማንበብ ገንዘብ የሚጠይቅ መጽሔት ካጋጠመዎ ይለፉት። የአሜሪካ የዘርፉ ደራሲያን ማኅበር ከ2019 ጀምሮ ለባለሙያ የሚገባ ዝቅተኛ ክፍያ ብሎ ያስቀመጠው በቃል 8 ሳንቲም ስለሆነ፣ 5,000 ቃል ያለው ታሪክ 400 ዶላር ያስገኛል። ክፍያው የሚላከው ብዙ ጊዜ በፔይፓል ወይም በቼክ ነውና ኢትዮጵያ ውስጥ ሆነው በምን መንገድ እንደሚቀበሉ ውሉን ከመፈረምዎ በፊት ይጠይቁ። በውሉም ላይ የሚሰጡት የመጀመሪያ የኅትመት መብት ብቻ መሆኑን፣ መብቱም ከተወሰነ ጊዜ በኋላ ወደ እርስዎ የሚመለስ መሆኑን ያረጋግጡ፤ የፊልምና የትርጉም መብትን አብሮ የሚጠቀልል አንቀጽ ካዩ እንዲወጣ መጠየቅ ነውር አይደለም።